አራት ቅዳሜ ከስትሪም ጋር፦ 3,600 ብሩ ያወጣል?

ዋጋውን ላስቀድም፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። 3,600 ብር። በቴሌብር ከፈልኩ፣ ደረሰኝ እዚያው ተቆረጠልኝ። አራት ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት። በሰዓት 300 ብር ይመጣል ማለት ነው። ለዚህ ገንዘብ የሚያስተምሩት ነገር አንድ ብቻ ነው፦ በጃቫ፣ በፕሮግራም መጻፊያው ቋንቋ፣ ፋይል መጻፍና ማንበብ። ሙሉ ጃቫ አይደለም። ዳታቤዝ የለም፣ ዌብሳይት የለም። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ስትሪም ነው፤ ዳታ ከፋይል ወደ ፕሮግራም፣ ከፕሮግራምም ወደ ፋይል የሚፈስበት መስመር።

የማሰልጠኛውን ስም አልጽፍም። የምወቅሰው ነገር አለኝ፤ ልጆቹ ደግሞ ገና ጀማሪ ናቸው፣ እንጀራቸውን መዝጋት አልፈልግም። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ካሉት ሕንጻዎች በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ሊፍት አለ። ሲንቀሳቀስ ግን አላየሁትም። መንገዱ ከተሠራ ወዲህ የእግረኛው ወለል ሰፍቷልና ከታክሲ ወርዶ እስከ በሩ መሄዱ ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ደረጃ ነው የሚያስለቅሰው።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቸርችል ጎዳና አካባቢ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ አከፋፋይ ዘንድ ነው የምሠራው። ማታ ማታ ደግሞ ኮምፒውተር ሳይንስ እማራለሁ። ክላሱን (ንድፉን)፣ ኦብጀክቱን (በንድፉ የተሠራውን)፣ ኢንሄሪታንሱን (አንዱ ክላስ ከሌላው መውረሱን) እንደምንም ተወጣሁት። ፋይል ላይ ስደርስ ግን ተሰናከልኩ። ስላይዱ ላይ የክላስ ስም ብቻ ተደርድሯል፦ ፋይል ኢንፑት ስትሪም፣ በፈርድ ኢንፑት ስትሪም፣ ዳታ ኢንፑት ስትሪም፣ ኢንፑት ስትሪም ሪደር፣ በፈርድ ሪደር። ሰርግ ቤት አስገብተውህ ማን የሙሽራው አጎት፣ ማን የሙሽራዋ አክስት እንደሆነ ሳይነግሩህ ሁሉንም ሳም እንደማለት ነው።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። የመሥሪያ ቤታችን የዱቤ ዝርዝር። 212 ደንበኞች፣ ስማቸው በአማርኛ፣ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ። ማን ስንት እንዳለበት የሚደምርልኝ ትንሽ ፕሮግራም ለራሴ መሥራት ፈልጌ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ 11 ተማሪዎች ነበርን። በዕድሜ ትልቋ እኔ ነኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ በመጀመሪያው ቀን «ማዘር፣ ቻርጀሩን ታቀብይኛለሽ?» አለኝ። ገና 41 ዓመቴ ነው። አቀበልኩት፣ ግን ያዝኩበት። አስተማሪው ራሱ ከ27 አይበልጥም። ሌሎቹን «እናንተ» ሲል እኔን ነጥሎ «እርስዎ» ይለኛል። አንቺ በለኝ ብለው እምቢ አለ።

ስለ እሱ ግን ክፉ አልናገርም። ስላይድ የለውም። ማርከርና ነጭ ሰሌዳ ብቻ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ የቦኖ ውሃ ሳለ። በአንድ በኩል ቦኖው፣ በሌላ በኩል ቤት፣ በመሃላቸው መስመር። «ፋይሉ ቦኖ ነው። ቤቱ ፕሮግራማችሁ ነው። ስትሪም ማለት መስመሩ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚፈሰው» አለ። ወደ ቤት የሚገባው ኢንፑት፣ ከቤት የሚወጣው አውትፑት።

ይህቺን ዓረፍተ ነገር በሦስት ዓመት የማታ ትምህርት ማንም አልነገረኝም። እኔ ፋይል ላይ ስጽፍ «ወደ ፋይሉ እያስገባሁ ነው፣ ስለዚህ ኢንፑት ነው» እል ነበር። ፈተና ላይም እንደዚያ ጽፌ ተሳስቻለሁ። ለካ ቆሞ የሚታየው ከፕሮግራሙ ደጃፍ ነው። ከፋይሉ አይደለም።

ቀጥሎ ጀሪካኑ መጣ። አንድ 5 ሜጋባይት የሆነ ፎቶ ሰጠንና ባይት በባይት (ባይት የፋይል መጠን የሚለካበት ትንሽ ቁራሽ ነው) እያነበብን ሌላ ፋይል ላይ እንድንገለብጠው አዘዘን። ፋይል ኢንፑት ስትሪም ብቻውን፣ ያለ በፈር። ፕሮግራሙ ጀመረ። ጠበቅን። አንዱ ስልኩን አወጣ። ከ20 ሰከንድ በላይ ፈጀ። «አሁን ያደረጋችሁት ምን መሰላችሁ? አንድ በርሜል ለመሙላት ቦኖ ድረስ በስኒ እየተመላለሳችሁ ነው» አለ። ያንኑ ስትሪም በበፈርድ ኢንፑት ስትሪም ስንጠቀልለው፣ የሚጻፈውንም እንዲሁ፣ ዓይናችንን ሳንጨፍን አለቀ። በፈሩ ጀሪካን ነው። ካልቀየርከው በቀር መጠኑ 8192 ባይት ነው። አንድ ጊዜ ሄዶ ያን ያህል ይቀዳል፣ ከዚያ አንተ በስኒ ብትጠጣም ከጀሪካኑ ነው የምትጠጣው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምኖር ሰው ስለሆንኩ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

የሰውዬው ትልቁ ሙያ ግን ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ሠራ ብሎ አያልፍህም። «ፋይሉ ይመስክር» ይላል። ፋይሉን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ስንት ባይት እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፍ። ከመሮጡ በፊት ስንት ይሆናል ብለህ ገምተህ ነበር? ያንንም ጻፍ። መጀመሪያ ላይ የሕጻን ሥራ መስሎኝ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ያቺ ወረቀት ነች ያዳነችኝ።

ሁለተኛው ቅዳሜ በራሴ ጥፋት ነው የጀመረው። የዱቤ ዝርዝሬን በፍላሽ ይዤ መጣሁ። መጨረሻው ላይ አንድ ስም ልጨምርበት ብዬ ፋይሉን በፋይል ራይተር፣ ጽሑፍ ፋይል ላይ በሚጽፈው የጃቫ ክላስ፣ ከፈትኩ። ፕሮግራሙ መሃል ላይ ስሕተት አገኘና ቆመ። አንድም ፊደል አልጻፈም። እፎይ ብዬ ፋይሉን ስከፍተው ባዶ ነው። ዜሮ ባይት። 212 ደንበኛ እልም። ፋይል ራይተር ዝም ብለህ ከከፈትከው ገና በሩን ሲከፍት ነው ውስጡን የሚጠርገው፤ እስክትጽፍ አይጠብቅም። ለመጨመር ከፈለግህ ከፋይሉ ስም ቀጥሎ «ትሩ» የምትል ቃል መጨመር አለብህ። መሥሪያ ቤት ዋናው ባይኖር ኖሮ ሰኞ ሥራ የምገባበት ፊት አልነበረኝም። አስተማሪው ይህን ቀድሞ ባለማስጠንቀቁ ተናድጄበታለሁ። እሱ «ይቅርታ፣ የሚቀጥለው ሰዓት ላይ ነበር የምደርስበት» አለኝ። ለእኔ ፋይል ያ አንድ ሰዓት ረዘመበት።

ወደ ወቀሳው ልምጣ። በአራት ቅዳሜ ውስጥ ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ምሳሌ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር። የተማሪ ስም «ጆን»። ከተማ «ለንደን»። አራት ኪሎ ተቀምጠን! ይህ የአርበኝነት ጉዳይ አይደለም። በእንግሊዝኛ ብቻ የሞከረ ሰው የማያገኘው ጉድጓድ አለ፤ እኔ ዘልዬ ገባሁበት።

የማሰልጠኛው ኮምፒውተሮች አሮጌ ናቸው። የሠለጠነ ኢዲተር ስለማይሸከሙ ኮዱ የሚጻፈው ኖትፓድ ላይ ነው፣ የሚሮጠው ትእዛዝ ከሚጻፍበት ጥቁር መስኮት። ስም የምትቀበል ትንሽ ሳጥን አስተማሪው ሠርቶ ሰጥቶናል። እኔ አማርኛ መጻፊያውን ከፈትኩና ሳጥኗ ላይ «ከበደ» ብዬ ጻፍኩ። ሳጥኗ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኦኬ አልኩ። ፋይሉን ከፈትኩ። ሦስት የጥያቄ ምልክት።

«ፎንቱ ነው ማዘር» አለኝ ያ ልጅ። ፎንት ቀየርን። ሦስት የጥያቄ ምልክት። አስተማሪውን ጠራሁት። ቸኩሎ ነበር፤ «ለጊዜው በእንግሊዝኛ ይጻፉት» ብሎኝ አለፈ። ይህቺ መልስ ናት ከአምስት ኮከብ አንዱን ያስነሳችው።

ማታ ቤት ገብቼ ያንኑ ኮድ፣ አንድ ነጥብ ሳልቀይር፣ በታናሽ ወንድሜ ላፕቶፕ ላይ አስኬድኩት። «ከበደ»። ጥርት ያለ ከበደ። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ ማለት ይቻላል። ኮዱ አንድ፣ ሰውዬው አንድ፣ አንዱ ጋ ጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ ሌላው ጋ ከበደ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ወረቀቴን ይዤ ቀደም ብዬ ሄድኩ። የጻፍኩለት ይህን ነው፦ እዚህ 3 ባይት፣ ቤት 9 ባይት። እዚህ ላይ ሰውዬው ራሱን ካሰ። ወረቀቷን ሲያይ ቆመ፣ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። «እርስዎ፣ ይሄ ፎንት አይደለም» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (የየቋንቋውን ፊደል ወደ ባይት በሚቀይረው ደንብ) ሲጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። «ከበደ» ሦስት ፊደል ነው፣ 9 ባይት መሆን አለበት። የማሰልጠኛው ኮምፒውተር ላይ ግን ፋይሉ 3 ባይት ብቻ ነው። ስለዚህ ከበደ በደህና ፋይሉ ውስጥ ገብቶ ሲታይ ብቻ የተበላሸ አይደለም። የገባው ራሱ የጥያቄ ምልክት ነው። ከበደ በመንገድ ቀርቷል፤ ፎንት ብትቀይርም፣ ጸሎት ብታደርስም አይመለስም።

ለምን? የማሰልጠኛው ጃቫ 8 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ። የድሮው ጃቫ የትኛውን ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት የመቀየሪያ ሰንጠረዥ) ልጠቀም ብሎ የሚጠይቀው ዊንዶውስን ነው። እንግሊዝኛ ዊንዶውስ ደግሞ የሚሰጠው የምዕራብ አውሮፓን ፊደላት ብቻ የሚያውቅ ሰንጠረዥ ነው። «ከ» እዚያ ውስጥ የለችም። ፋይል ራይተር አልቻልኩም ብሎ አይጮህም። ኤክሴፕሽን፣ ማለትም የስሕተት ማስታወቂያ፣ የለም። በማያውቃት ፊደል ፋንታ ዝም ብሎ የጥያቄ ምልክት ያስቀምጣል። ከጃቫ 18 ወዲህ፣ ማለትም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ካልተናገርክ በቀር የሚወሰደው ዩቲኤፍ-8 ሆኗል። የወንድሜ ላፕቶፕ ላይ ያለው 21 ነበር። አማርኛ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ቁጥር የተሰጣቸው መዝገብ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 እንደሆነ ሳስብ ጃቫ ይህን ለማስተካከል 23 ዓመት መፍጀቱ ያስገርመኛል።

መፍትሔው ያ ያስጠላኝ የዘመድ ዝርዝር ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ፋይል ራይተርን ተወው። መጀመሪያ ፋይል አውትፑት ስትሪም፤ ይሄ ባይት ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ቧንቧ ነው። በእሱ ላይ አውትፑት ስትሪም ራይተር፤ ይሄ አስተርጓሚ ነው፣ ፊደል ተቀብሎ ባይት ያደርጋል፣ ስትፈጥረው በየትኛው ቋንቋ እንደሚተረጉም ትነግረዋለህ፣ ዩቲኤፍ-8 ብለህ። በእሱ ላይ በፈርድ ራይተር፤ ጀሪካኑ። አንዱ ኦብጀክት ገና ሲፈጠር ሌላውን በኮንስትራክተሩ (በመፈጠሪያ በሩ) ተቀብሎ ይዞት ይቀመጣል። ቧንቧው ስለ አማርኛ አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። አስተርጓሚው ባይቱ ፋይል ውስጥ ይግባ በኔትዎርክ ይሂድ አያገባውም። የኦብጀክት ኦሪየንትድ መምህሬ ለአንድ ሴሚስተር ሊያስረዳኝ የታገለው ነገር በአንድ የከበደ ስም ገባኝ።

ማንበቡም ያው ነው። ትክክለኛውን የአማርኛ ፋይል በተሳሳተው ሰንጠረዥ ካነበብከው ጥያቄ ምልክት አይመጣም። ራሷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሽ የፈረንጅ «ኤ» ትመጣለች፣ ከኋላዋ ሌላ ኮተት፣ ከዚያ እንደገና እሷው። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» የመጀመሪያው ባይት አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። አሁን ያቺን ፊደል ተደጋግማ ሳያት ገና ከሩቁ «ይሄ አማርኛ ነበር» እላለሁ። ይህ ከሆነ ዋናው ፋይል ደህና ነው፤ አስተርጓሚውን ቀይረህ እንደገና ማንበብ ብቻ ነው።

ያንኑ ቀን 4 ሰዓት ተኩል ገደማ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር የለም። በሳጥኗ በኩል ስም እየተቀበለ ፋይል ላይ የሚጽፍ ፕሮግራም እያሠራን ነበር፤ እኔ 40 ያህል ደንበኞች አስገብቻለሁ። 50 ደቂቃ ቁጭ አልን። ታች ወርደን ማኪያቶ ጠጣን። መብራቱ ሲመጣ ፋይሌን አየሁት፤ ዜሮ ባይት። አርባውም ሰው ጀሪካኑ ውስጥ ነበር፣ ጀሪካኑ ገና ስላልሞላ ፋይሉ ውስጥ አልተገለበጠም። አስተማሪው መናደድ ሲገባው ደስ አለው። «በገንዘብ የማይገዛ ምሳሌ ነው» አለ። ባክህ፣ እኔ ገዝቼዋለሁ።

ከዚያ «በየስሙ ፍላሽ አድርጉ» ሲል ያ ልጅ ኪሱ ገብቶ ፍላሽ ዲስኩን አወጣ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁን ግን አልፈርድበትም፤ ፍላሽ ሲባል ሌላ ምን ይመጣል? ፍላሽ ማለት እዚህ ላይ ጀሪካኑን ሳይሞላም ገልብጠው ማለት ነው። ሲዘጋም ራሱ ይገለብጣል። ትራይ ዊዝ ሪሶርስስ የሚባለው አጻጻፍ ደግሞ፣ ከጃቫ 7 ጀምሮ ያለ፣ ስሕተት ቢፈጠር እንኳ መዝጋቱን አይረሳም። አንድ ነገር ጨመረ፤ ፍላሽ ዕቃውን ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ያስረክባል እንጂ ዲስኩ ላይ መድረሱን አይምልልህም። መብራት ለሚጠፋበት ከተማ ይህ ተጨማሪ አይደለም፣ ዋናው ትምህርት ነው።

አራተኛው ቅዳሜ ተቻኮለ። የጠፋው 50 ደቂቃ ሳይካካስልን ኦብጀክትን እንዳለ ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ በሁለት ሰዓት ተጠቀለለ። ደንበኛ የሚለውን ክላስ አስቀመጥኩ። ከዚያ ስልክ ቁጥር የሚይዝ አንድ ፊልድ ጨመርኩበትና የቅድሙን ፋይል ላንብብ ስል አላውቅህም አለኝ። የክላሱ ማንነት ቁጥር ተቀይሯል። ቁጥሩን አስቀድመህ ራስህ ብትጽፍለት ኖሮ ይቀበልህ ነበር። ይሄ ሌላ ቅዳሜ ይገባው ነበር። የዱቤ ዝርዝሬን ግን ተራ ጽሑፍ አድርጌ ትቼዋለሁ፤ ፕሮግራሙ ቢበላሽ በኖትፓድ ከፍቼ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። የሰጡን ወረቀት 18 ገጽ ነው፣ ግማሹ አይነበብም፣ ፎቶ ኮፒው ቀለም ጨርሷል። አራት ወንበሮች ጀርባ የላቸውም። ፍላሽህን እዚያ ኮምፒውተር ላይ ከሰካህ ቤትህ ሳትደርስ ፎልደሮችህ ሁሉ ሾርትከት ይሆናሉ፤ የእኔ ሆኗል። ሰርተፍኬቱ ላይ የአባቴን ስም አሳስተው ጻፉት፣ ነገርኳቸው፣ እዚያው አትመው ሰጡኝ፣ ተጨማሪ አልጠየቁም። ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ይህ ለዚያ ሰፈር ትንሽ ነገር አይደለም።

ከአምስት ሦስት ተኩል ሰጥቻለሁ። አንዱን «በእንግሊዝኛ ይጻፉት» ወሰደው፣ ግማሹን ኮምፒውተሮቹ። ጀማሪ ከሆንክና ክላስ ምን እንደሆነ የማታውቅ ከሆነ ገንዘብህን ያዝ፤ እዚያ ማንም ከሀ አይጀምርልህም። ክላሱን ጨርሰህ ፋይል ላይ የቆምክ ከሆነ ግን ሂድ። ላፕቶፕ ካለህ የራስህን ይዘህ ሂድ፣ ጃቫው አዲስ ይሁን። ዋናውን ፋይልህን ቤት ተወው። ምዝገባ ዓርብ ከሰዓት ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ከሄድክ ቦታ የለም ይሉሃል። ስትገባ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ከኋላ ሁለተኛውን ወንበር ያዝ። ጀርባ አለው፣ የሚሠራው ሶኬትም እሱ ጋ ነው።